የቄሱ ቤት ስም ከየት እንደ መጣ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሀመድኑር፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ነጉማ? ፈያ? ያ ወገብህ እንዴት ሆነ? ሙቀቱስ ትንሽ በረድ አለላችሁ? ሚስትህ ኡሚ እንዴት ናት፣ ሳሏ ለቀቃት? ትንሹ ልጅህ ሰልማንስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ማሽላውም ዘንድሮ አላሳፈረንም፣ ወፍ ብቻ ነው ያስቸገረን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ ደስታዬ ከእጄ ቀድሞ እየሮጠ አላስጽፍ ብሎኛል። ባለፈው ወረቀትህ ለሰልማ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች “የቄሱ ቤት” እንደሚባሉ መስማትህን ጽፈህ፣ የስሙን ነገር አጣርቼ ካላሳወቅሁህ ለኒካሁ ውክልና እንደማትሰጥ ነገርኸኝ። አባቷ አንተ ነህ፣ ያላንተ ቃል አታገባም። ልጅህም ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ እህል የምትቀምሰው እኔን ላለማስቀየም ብላ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ከአንተ ብሼ ጠርጥሬ ነበር። ሽማግሌ ያስላከውን ጀሚልን ታውቀው የለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያየው ልጅ። እንዲህ ጨዋ የሆነ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ለሰው ቤት ስኳር ይዞ ከሚመጣ ሰው የበለጠ የሚያስጠረጥር የለም፤ እሱ ደግሞ ይዞ የሚመጣው ማር ነው። ክርስቲያን ዘመድ ይኖራቸው እንደሆን ብዬ አይደለም፤ ያማ የእኛም ቤት ነገር ነው፣ የአክስታችንን ልጆች ፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ እንል የለም እንዴ። ግን የጀሚል አያት ጀይሉ ሶላት የማያሳልፍ ሰው ነበር ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቄስ ብሎ መጥራት ምን የሚሉት ነው? የቤተ ክርስቲያን ንብረት በልቶ ይሆን? ተጣልቶ ሃይማኖት ቀይሮ ተመልሶ ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ። ባሌ አደም መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ እያለ ይስቅብኛል።

መጀመሪያ ሼኽ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ። ቃሉን ይፈሩታል ብዬ ነበር፣ እሳቸው እቴ! ቄስ የሚለው ቃል ከሱርያን ቋንቋ የመጣ ነው፣ ሥሩም በዕድሜ የገፋ፣ ሽማግሌ ማለት ነው አሉኝ። ግዕዙ ቀሲስ አለው፣ አማርኛው አሳጥሮ ቄስ አደረገው፤ ዓረቦቹም ወስደውታል፣ በእኛም ኪታብ በደግ ተጠቅሷል ብለው አስረዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን ቃል ያን ቀን ገና ተዋወቅሁት። ቢሆንም ልቤ አልረጋም። ቃሉ ንጹሕ ነው፣ የተጠራበት ሰውዬ ንጹሕ መሆኑን ግን ቃሉ አይነግረኝም።

ስለዚህ የጀሚል እናት ፈይሩዝ ቤት ሄጄ በቀጥታ ጠየቅኋት። የሴትዮዋ ፊት ቀላ። ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፣ ቀጥላ ስለ ላሟ አወራችኝ። ደግሜ ብጠይቃት “የድሮ ነገር ነው እታለም፣ ተይው” ብላ ተነሣች። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ለሰልማ ሌላ ባል ይመጣልሻል ልላት አፌን ከፍቼ፣ ዓይኗን አይቼ ዘጋሁት።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። እመት ረቢአ እዚያ ከልጃቸው ጋር ናቸው፤ አባታችን ከሚሴ ሳይገባ በፊት ጎረቤቱ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ስለ ቄስ ጀይሉ ብጠይቃቸው መሣቅ ጀመሩ፤ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሣቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችንና ጀይሉ የአንድ ቅሬ ሰዎች ነበሩ። ቅሬው እንደምታውቀው እስላሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ ይቀብራል። ክርስቲያኖቹ ጥቂት ቤት ስለነበሩ ቄስ የሚመጣው ከደጋ ነው፤ ሰው በሞተ ቁጥር አንዱ ሄዶ ማምጣት አለበት። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሁሉም ወገቤን፣ እግሬን ሲል፣ ጀይሉ በቅሎውን ይዞ ይሄዳል። ቄሱን በበቅሎው አስቀምጦ እሱ በእግሩ እየሳበ ይመጣል። አንድ ቀን ቄሱ ወንዙ ወዲያ ማዶ ቀርተው፣ ጀይሉ ለቀስተኛውን ውኃው እስኪጎድል ቆዩ ሊል ብቻውን ተሻገረ። ጭቃ ለብሶ ድንኳኑ በር ላይ ቢቆም፣ አባታችን ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ ተነሣና፣ “እንኳን ደህና መጡ ቄስ ጀይሉ፣ ይባርኩን” አለው። ለቀስተኛው ሁሉ ሣቀ፣ ሰው የሞተባቸውም ሣቁ ይላሉ። ስሙ በዚያው ቀረ።

“ስሙን ያወጣው የገዛ አባትሽ አይደለም እንዴ” አሉኝ እመት ረቢአ። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ከመኪና እንደ ወረድኩ በቀጥታ ፈይሩዝ ቤት ሄድኩ። ደፍ ላይ ቆሜ ረቢአ ሁሉንም ነገሩኝ ብላት አቅፋ አስገባችኝ። “እኛማ በስሙ ኮርተን ነው የምንኖረው” አለችኝ፤ “የሞተ አባታችሁን ቀልድ ሽማግሌ ልከን በመጣንበት ቤት አንሥተን እንዳናሳፍራችሁ ብለን ነው ያልነገርንሽ።” አየህ ወንድሜ፣ እኔ ጥፋት የፈለግሁበት ዝምታ ለእኛ ክብር የተያዘ ነበር።

እንግዲህ ውክልናውን ለሼኽ አብዱልጀሊል ላክ፤ ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ ሾፌር ሲመለስ በእጁ ስጠው፣ ሠርጉ ጥር እንዲሆን። ይህን ወሬ ግማሹን ቆርጦ ጅቡቲ ድረስ ያደረሰልህን ሰው ስም ደግሞ ጻፍልኝ። ወላሂ እሱን አልተውም፣ ጥርጣሬዬ አሁን ወደዚያ ዞሯል።

ኡሚን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ለሳሏ የሚሆን ማር ልኬያለሁ፤ የጀሚል ማር ነው፣ ሳትፈራ ትጠጣ። ሰልማንን ጉንጩን ሳምልኝ። አደም ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ አፍናንና ሙስዐብ አጎታችንን ናፈቅን ይላሉ። ሰልማ ሰላምታዋን እንድትጽፍ ብዕሩን ብሰጣት እፍረት ይዟት መለሰችልኝ፤ ዛሬ ግን ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በልታለች።

እታለምህ ዓዲላ

ከሚሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 1989 ዓ.ም.