«ቀጥታ» ያሉን ሃምሳ ሰከንድ

ለክቡር አቶ ንያንዲጎ
የናም ቀጥታ ስርጭት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ኪሱሙ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሰርቨርዎስ ደህና ነው? እኛ አሄሮ ያለን ደንበኞችዎ፣ ከቀበርናት እናታችን በቀር፣ ደህና ነን።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ እናታችንን ማማ ዲናን ስንቀብር በኩሩ ወንድሜ ኦሙጋ ዶሃ ያለው አሠሪው ፈቃድ ስለከለከለው፣ ከግቢያችን በሰው የላክንለትን እፍኝ አፈር ይዞ በእርስዎ ስርጭት ሊሸኛት ተቀምጦ ነበር። በእኛ ቤት በኩር ሳይጥል ታናሽ አፈር አይነካምና፣ አጎታችን ኦሉም እጁን ሲያነሳ ኦሙጋ በስርጭቱ አይቶ እዚያው ዶሃ ሊጥል፣ እኔም እስከ አስር ቆጥሬ ልከተል ተስማማን።

አጎቴ እጁን አነሳ። ቆጠርኩ፤ ጣልኩ፤ እህቶቼም ተከተሉኝ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ፤ አክስቶቼም ይስሙት ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ጣልኩላት! በል እንግዲህ አንተ ቀጥል፣ ወንድሜ!» አለ ኦሙጋ።

አጎቴ ዞሮ አየኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ታላቅህን ዘለልከው!» አለኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ኦሙጋም ሰማ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፦

፩. ሁለት ጊዜ «ይዘገያል ወይ?» ብዬ ስጠይቅዎ፣ «ቀጥታ ማለት ቀጥታ ነው፤ የዓይን ጥቅሻ ታህል አይዘገይም» ብለው ስላረጋጉኝ።

፪. ሰርቨርዎ ምስሉንና ድምፁን በየስድስት ሰከንዱ ቆራርጦ እንደሚልክ፣ የተመልካቹም ስልክ እንዳይንተባተብ ብዙ ቁራጭ አጠራቅሞ እንደሚጀምር፣ በዚህ መሀል ሃምሳ ሰከንድ እንደሚያልፍ፣ የእርስዎው ቴክኒሻን ከቀብሩ በኋላ ስላስተማረኝ። መዘግየቱ ነውር አይደለም። ቢነግሩኝ ኖሮ እስከ መቶ እቆጥር ነበር።

፫. የማይዘገየውን መስመርዎን በዚያች ቀን ለኳስ አቋማሪዎች ስለሰጡ። እናቴ ጎል ስላላስቆጠረች ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቂም ይዣለሁ፤ አልደብቅዎትም። ከዚያ ወዲህ የቀብር ኮሚቴ በተሰበሰበበት ሁሉ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ሰዎችዎ ለሙከራ ከሚተክሉት ካሜራ ፊት እሰቅለውና በስልክ ላይ የሚታየው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ለሐዘንተኛው አሳያለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ቤተሰብ ትቶዎታል። ይህን የማደርገው ለሕዝብ ጥቅም ነው ብዬ አልዋሽም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

በቸርነትዎ ከወንድሙ የተለየ፣ ከፍ ያለ አክብሮቱን ሃምሳ ሰከንድ ዘግይቶ የሚያቀርብልዎ፣

ኦጎላ
የማማ ዲና ሁለተኛ ልጅ

ማስታወሻ፦ የቀብር ኮሚቴዎቹ ቅዳሜ ለጥያቄ በጠሩዎት ስብሰባ ላይ ስርጭቱን እንድመራ ተመርጫለሁ፤ ከተፎካካሪዎ የማይዘገይ መስመር ተውሼልዎታለሁ፤ ስለዚህ ለማስተባበል ሃምሳ ሰከንድ አይኖርዎትም። ይህን ለኦሙጋ ብጽፍለት፣ ከጻፍኩለት ሁሉ ለዚህ ብቻ መልስ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከዶሃ ይመጣል፤ በኩር ሳይጠይቅ እኔ አልጠይቅም።