ሳልበላ የዋጥኩት ኪኒን

ሰኞ

ዛሬም ሥራ ቦታ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥር ቁጢጥ አልኩ። ደንበኛ ሲገባ ወረቀት የወደቀብኝ መሰልኩ። የወር አበባዬ ገና አልመጣም፤ ሕመሙ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ አለ። ድሮ ሁለት ቀን ቆርጦኝ ይለቀኝ ነበር። ከዓምና ወዲህ ወገቤን፣ ጭኔን፣ ሽንት ቤት ስቀመጥ ሳይቀር ያመኛል። ይሄ ለማን ይነገራል? ቡሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የልቤን የማወራው ለዚህ ደብተር ብቻ ነው።

ማክሰኞ

መጣ። ጾም ነውና ምንም ሳልቀምስ ኪኒን ዋጥኩ። ደጅ ሳልደርስ አስመለሰኝ። አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ሆዴን አየት አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ከማን ነው?" አሉኝ። ደም እየፈሰሰኝ እርጉዝ ተባልኩ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። በሬን ዘጋሁባቸው።

ረቡዕ

ጅጋ ላለችው እማዬ ደወልኩ። "ጸበል ጠጭበት" አለችኝ። አበባ ላይ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን አልገባ፣ ጸበል አልጠጣ! የሚያመኝ ደግሞ ያኔ ነው። ተናደድኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ ቆጨኝ።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መቼ ጀመረሽ፣ ከደሙ በፊት ነው በኋላ፣ ስንት ቀን ይቆያል ስትለኝ ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩላት። አላፈርኩም። እሺ፣ ትንሽ አፈርኩ።

ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው አለች። አንደኛው ማህፀን ሲኮማተር የሚመጣ ነው፤ ከልጅነት ይጀምራል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል፣ ሌላ በሽታ የለበትም። ሁለተኛው ዘግይቶ ጀምሮ እየባሰ የሚሄደው ነው፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። "ያንቺ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ይታይ" ብላ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ጻፈችልኝ። ኪኒኑንም በባዶ ሆድ እንዳልውጥ ተቆጣችኝ።

"ሰው ይዘሽ ሂጂ።" ማንን?

ለእማዬ እንደገና ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣ "ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄጅው?" አለች።

ዓርብ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቀድማኝ ደርሳለች። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማታስቀምሰኝ እናቴ ከነጠላዋ ሥር የተቀቀለ ድንች አወጣች።

"ብይ፤ ከዚያ ትውጫለሽ።"

በላሁ። እሷ አልቀመሰችም። ልጣጩን እየሰበሰበች፣ "እኔም እንዳንችው ነበርሁ፤ ምን ሆንሽ የሚለኝ አጣሁ እንጅ" አለች።

አሁን ወረፋ ላይ ነን። ከፊታችን አራት ሴቶች አሉ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ከእኔ ቀድማ የምትነሣው እማዬ ናት።