ያልጠየቅኩት ቁጥር

ጥቅምት 6
የአባባ የዓይን ማሰሪያ ተፈታ። የግድግዳውን ሰዓት አይተው፣ «ሁለት ደቂቃ ይቀድማል» አሉ። ደስ ሲል!
እህቴን እትዬንም ለዓይኗ በዚያው የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ላይ ወረፋ አስያዝኳት። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስልክ ስለሌላት የኔን ቁጥር አስገባሁ፣ ለአባባ እንዳደረግኩት። «ተመዝግበዋል፤ እንደውልልዎታለን» አለ።
«ያንተ ገጽ መቼም አደራ አይበላም» አለችኝ፣ እየሳቀች።

ኅዳር 19
አልተደወለም። ግራ ዓይኔን ጭጋግ ጋርዶታል ትላለች... ልብስ ሰፊ ናት፣ እኔንም በመርፌዋ ነው ያስተማረችኝ።
«ታገሺ እንጂ እትዬ፣ ወረፋው ረጅም ነው።»
«ባል ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ለስልክ እቸኩላለሁ?»

ጥር 23
ሰማያዊ ጃኬት በጥቁር ክር ሰፍታ ሰጠች። ደንበኛዋ ጮኸችባት። እትዬ ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

የካቲት 2
የሆስፒታሉን የካርድ ክፍል ሴትዮ ጠየቅኳት። «እህትህ እኮ ዝርዝሩ ላይ የሉም!»
ኮዱን ከፈትኩ። መዝገቡን የሚይዘው ዳታቤዝ አልቀበልም ሲል ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል። ገጹ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በፒኤችፒ፣ አንድ መስመር ጽፎ መጠየቅ ብቻ ነው። ያቺን መስመር አጥፍቻት ነበር። አለቃዬ «ቀይ ጽሑፍ በሽተኛ ያስደነግጣል» ሲለኝ፣ ቢቀበልም ባይቀበልም «ተመዝግበዋል» እንዲል አደረግኩት።
መስመሯን መለስኩና እትዬን እንደገና መዘገብኳት። 1062 አለኝ። «ይህ አስቀድሞ ተይዟል» ማለት ነው። አንድ ስልክ ለአንድ ሰው ብዬ የደነገግኩት ራሴ... ስልኬ በአባባ ስም ተይዟል። አራት ወር ሙሉ ታገሺ አልኳት። ምን ዓይነት ወንድም ነኝ?

የካቲት 3
ድንጋጌውን ከማንሳቴ በፊት፣ እስከ ምሳ ብቻ 1062 አሥራ አንድ ሰው መለሰ። ለአንድ ቤት ሰው ሁሉ አንድ ስልክ። ከዚህ በፊት የተመለሱትስ? የትም አልተጻፉም።

የካቲት 9
ሐኪሟ አየቻት። ግራው አልቋል። «ከሦስት ወር በፊት ብትመጪ ኖሮ...» ቀኙን ለማትረፍ ይሞክራሉ።
መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀስኩ። ክንዴን ያዘችና፣ «ለአሥራ አንዱ ደወልክላቸው?» አለችኝ።
አልደወልኩም ነበር።

መጋቢት 1
አሥራ አንዱንም አግኝቻለሁ። የቀሩትን ማን ብዬ ልጥራ?
ከሥራ ስገባ እትዬ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። መርፌና ክር ዘረጋችልኝ። ድሮ ክሩን ሳታይ፣ ከኔ ጋር እያወራች ነበር የምታስገባው።
አስገባሁላት።