ባትሪ ከአልጋ ያነሡት የአባ ሽቦ የሕይወት ታሪክ

በወደቡ ሰው ሁሉ አፍ «አባ ሽቦ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ወንድማችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ የባሕሩ ድምፅ በግድግዳው በሚሰማባት ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። በተወለዱበት ምሽት የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እርሳቸው አልቅሰው ሳይጨርሱ መጣ ይባላል። ይህን ያዩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም፣ አይደለም ብሎ የተከራከረ እስካሁን አልተገኘም። አንድ ለእናታቸው ነበሩ። እኅትም ወንድምም ስላልነበራቸው በልጅነታቸው የሚጫወቱት ከተሰበረ ሬዲዮ ጋር ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የተበላሸውን የትምህርት ቤቱን የኤሌክትሪክ ደወል ጠግነው፣ ደወሉ አልቆም ብሎ ግማሽ ቀን ሲጮኽ ዋለ። ትምህርት ቤቱ ይህን እንደ ጥፋት ቢቆጥረውም፣ ቤተሰቡ የሥራቸውን ጥንካሬ ያየው ያኔ ነው።

ገና ጢማቸው ሳይወጣ በወደቡ የጥገና ጋራዥ ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው አገልግለዋል። በዚያ ወደብ የእርሳቸው ፒንሳ ያልነካው ሽቦ የለም፤ ካለም ሽቦ አይባልም። ከዓለም የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሁሉ አንደኛ ነበሩ። ይህንኑ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሰው ፊት ሲናገር ሲሰሙ፣ «ኧረ ሁለተኛ በለኝ፤ ሰው እንዲያምንህ» ይሉ ነበር።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የወደቡን ሸራ ሰፊ፣ የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ታላቅ እኅት አገቡ። እኅታችን የሰፉት ሸራ ነፋስ ሳይነሣም ይነፋ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው ባለቤቷ ጥሏት የነበረች አንዲት ባለሸራ ጀልባ ገዙ፤ ጠግነውም ቤታቸው አደረጓት። ርዝመቷ ከአንድ አውቶቡስ ብዙም ባይበልጥም፣ በቤተሰባችን ግን መርከብ ነው የምንላት። በግራ በኩል የእርሳቸው አልጋ ነበር፤ ከሥሩ የመሣሪያ ሣጥኖቻቸው ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል የባለቤታቸው አልጋ፣ ከሥሩ ብረቱ ሁለት ጎረምሳ የሚያስጨንቅ የስፌት መኪናቸውና የሸራ ጥቅሎቻቸው ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷም በእናቷ እግር ሥር እየተኛች አድጋ፣ ከባሕር ርቆ ባለ ከተማ የባቡር ሾፌር ሆነች። አባቷ፣ «እኛ ዕድሜ ልካችንን እዚሁ ታስረን ስንወዛወዝ፣ እሷ ወደፊት ትሄዳለች» እያሉ ይኮሩባት ነበር።

እኅታችን ባደረባቸው ሕመም በሞት ሲለዩ፣ የስፌት መኪናውና የሸራ ጥቅሎቹ ለሥራ ባልደረባቸው ተሰጡ። ቀኙ ባዶ ሲሆን ጀልባዋ ወደ ግራ አጋደለች። ሾርባው በሳህኑ ዘመም ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ እርሳቸውም ሌሊቱን ወደ ግድግዳው እየተንከባለሉ ያድሩ ነበር። ስለዚህ የቤት ባትሪ የሚባሉትን፣ ለመብራቱ፣ ለፍሪጁና ለውኃው ፓምፕ ኃይል የሚሰጡትን ከባድ ባትሪዎች ከነበሩበት አወጡ። የባለቤታቸውን ፍራሽ ጠቅልለው ባትሪዎቹን በአልጋው ላይ ደረደሩ። ጀልባዋም እንደ ሠልፈኛ ቀጥ አለች። ወደቡ ሁሉ መጥቶ አደነቀ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ተነሥተው የመጀመሪያ ሥራቸው ባትሪዎቹን መለካት ነበር። የእርሳቸውን የሚለካ ግን አልነበረም።

ልጃቸው በመጀመሪያው ዕረፍቷ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ደረጃውን ወርዳ የእናቷን አልጋ ስታይ፣ «አባዬ፣ እማዬን በባትሪ ቀየርካት?» አለች። ሟቹም ውሸት የማያውቁ ሰው ነበሩና፣ «ጀልባዋ እያጋደለች አስቸገረችኝ» ብለው መለሱ። መልሱ እውነት ነበር፤ ከዚያ የባሰ መልስ ግን በዓለም ላይ አይገኝም። ልጅቷ ሻንጣዋን አንሥታ ከወደቡ በር ውጭ ካለው ማረፊያ ቤት አደረች፤ ጠዋት በባቡር ሄደች። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የነበራቸው ወሬ በስልክ፣ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እርሳቸው ጥቂት ጊዜ በጆሯቸው ይዘውት ይቆዩ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው መድከም ጀመረ። ሐኪማቸው ከባድ ነገር እንዳያነሡ፣ ብቻቸውንም እንዳያድሩ አስጠነቀቋቸው። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ደውላ፣ «ዕረፍት ወጥቻለሁ፤ ልመጣ ነው። ማረፊያ ቤት ይዣለሁ» አለቻቸው።

«አልጋ አለ» አሉ።

አልነበረም። ወንድማችን በዕድሜያቸው የዋሹት ውሸት ይህ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ልጅቷ ሳትደርስ እውነት ሊያደርጉት ተነሡ።

ባትሪዎቹ ወደ ጀልባዋ መሐል፣ ከመውረጃ ደረጃው ሥር እንዲዛወሩ ወሰኑ፤ መሐል ያለ ክብደት ወደ የትም አያጋድልምና። የግራው ወገን እንዳይከብድም ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን የመሣሪያ ሣጥኖች አውጥተው ለጋራዡ ሰጡ። ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ፒንሳ፣ አንድ ብሎን መፍቻ ቺያቬና አንድ መለኪያ ነው። ከዚያ ገመዶቹን ሁሉ ፈቱ። ፍሪጁ ጸጥ አለ፤ ውኃው ቆመ፤ ጀልባዋ ጨለመች። እያንዳንዱን ባትሪ በጣውላ ላይ አጋድመው በገመድ እየሳቡ፣ በየመሐሉ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እያረፉ አዛወሩ። የወደቡ ዘበኛ ከላይ ሆኖ፣ «አባ ሽቦ፣ ኧረ ይተዉ፣ ሐኪሙ የነገሩዎትን አልሰሙም?» ቢላቸው፣ «ሐኪሙ ከባድ አታንሣ አለኝ እንጂ አትጎትት መች አለኝ!» አሉት። ልግባ ቢል አልፈቀዱም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ባትሪዎቹን ሁሉ በአንድ እጁ ሊያዛውር በስልክ ቃል ቢገባም፣ «አንተ በአፍህ አዛውረህ ጨርሰሃቸዋል» ብለው ዘጉት።

ለባትሪዎቹ ከሥራቸው ጣውላ አነጠፉላቸው፤ ማዕበል ቢመጣ እንዳይንቀሳቀሱ በጠፍር አሰሯቸው፤ የባትሪው ጋዝ የሚወጣበት ቱቦም ዘረጉ። አዲሱ ቦታ ከመብራት ሰሌዳው ስለራቀ የድሮው ገመድ አልደርስ አለ፤ አዲስ ወፍራም ገመድ መቁረጥና ጫፉ ላይ የመዳብ ቀለበት ማጥበቅ ቀረ። እዚህ ላይ ጉልበታቸው አለቀ። ነገር ግን የቀረችውን ትንፋሽ ገመዱን ትተው ለአልጋው ሰጧት። ባትሪዎቹ የነበሩበትን ጣውላ አጠቡ፤ ፍራሹን ፈቱ፤ አንሶላ አነጠፉ።

ልጃቸው አመሻሹ ላይ ስትደርስ ጀልባዋ ጨለማ ነበረች። ለዓለም አንደኛው የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህ ውርደት ነው። ልጅቷ በስልኳ ብርሃን አልጋውን አየች። በፍራሹ ጠርዝ በኩልም ባትሪዎቹ ጣውላው ላይ የተዉትን ምልክት ዳበሰች።

«አባዬ፣ መብራቱስ?»

«መብራቱ ይደርሳል። የቸኮልኩት ለአልጋው ነው።»

«ማረፊያ ቤቱን ልሰርዘው እንዴ?» አለች። «እንደ ፈቃድሽ» አሏት፤ ሻንጣዋን ግን ቀድመው ከአልጋው ሥር ገፍተውት ነበር።

በማግስቱ እርሳቸው ከአልጋቸው ሆነው እየመሩ፣ ገመዱን የጨረሰችው ልጃቸው ናት። «ቀይዋን ቀድመሽ እሰሪ። ፊውዙ እዚያው አጠገቧ ይሁን። ጥቁሯ መጨረሻ» ይሏታል። «ገና ሳልነካው ትጮኽብኛለህ!» ትላለች። «ባቡር ሲያስተምሩሽ አልጮኹብሽም?» «እነሱ ደመወዝ አላቸው፣ አባዬ።» የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ መብራቱ በራ፤ ፍሪጁ አጉረመረመ። በባሕር ላይ እንደዚያ ያለ ብርሃን ታይቶ አይታወቅም።

ዕረፍቷ ሲያልቅ ልጅቷ አስራዘመችው፤ ደግማም አስራዘመች። ወንድማችን ከዚያ በኋላ ከአልጋቸው ብዙም አልተነሡም። ሌሊት ሲያስላቸው ከማዶ፣ «አባዬ፣ ውኃ?» የሚል ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ አንዳንዴ ሳይጠማቸውም እንደሚያስሉ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነግረውታል። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ልጃቸው እንደ ልማዷ ጠራቻቸው። አልመለሱም። በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከኋላቸው አንዲት ልጃቸውን፣ አንድ አማቻቸውንና የእርሳቸውን ገመድ የተሸከሙ የወደቡን ጀልባዎች ሁሉ ትተዋል። ልጃቸው ለጊዜው በጀልባዋ ውስጥ ናት። ሐዘናችሁን ለመግለጽ የምትመጡ ወዳጆች በቀኝ በኩል ያለው አልጋ የእሷ መሆኑን አውቃችሁ፣ በግራው ላይ ተቀመጡ። አይዟችሁ፣ ተቀመጡበት፤ ባዶውን እያየች እንዳታመሽ።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ፣ በጨለማ ቢያስሉ «ውኃ?» የሚላቸው ባለበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።