ደረቱ ላይ የተሰፋው ስም

ሰኞ

ሃያ ስድስት ብቻ። ዛሬ ጨረስኳቸው። ጋሼ ክፍሎም «ዜድ» ብለው ማርከሩን ሲከድኑ «የቀሩትስ የታሉ?» አልኳቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ሞተ። የእኛን ሁለት መቶ ምናምን ፊደል በአምስት ወር ለጠጣ ሰው የእንግሊዝኛው መክሰስ ነው። ሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ቸርች ቤዝመንት ውስጥ፣ ስምንት ተማሪዎች ነን። አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለተኛና ሦስተኛ የለም፤ ቀጣዩ አራተኛ ነው የወጣው።

ጋሼ ክፍሎም የአስመራ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። «በየቀኑ ጻፍ፤ ለእኔ ግን አታሳየኝ፣ ዓይኔን ያመኛል» ብለውኛል። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሳላነብ ኖሬ ማንም አልነቃብኝም። አዲስ አበባ ወያላ ነበርኩ፤ ወያላ ጉሮሮ እንጂ ፊደል አያስፈልገውም። እዚህ ካናዳ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ መነጽሬን ሥራ ቦታ እየረሳሁ ኖርኩ። መነጽር አልነበረኝም። የምታውቀው የልጄ እናት ብቻ ነበረች። ቸርች የመዝሙሩ ግጥም ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ግማሽ ቃል ቀድማ በጆሮዬ ትዘምርልኝ ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ልጄ ናቲም ያውቃል፣ ግን አንስቶብኝ አያውቅም። ትምህርት መጀመሬን አልነገርኩትም። ሰርፕራይዝ ነው።

ነገ ይመጣል። ጦሩ የስድስት ቀን እረፍት ሰጥቶታል፤ ከዚያ ላትቪያ ለስድስት ወር። መሥራት ያለብኝ፦ ክፍሉን ማጽዳት። ምስር መግዛት። ፀጉሬን መቆረጥ። ፓስተሩን ስለ እሁድ ማስታወስ። እሁድ ዩኒፎርሙን ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ይጸለይለታል። ይሄን የለመንኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ወታደር በራሱ ስም አይጠራም፣ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ ደረቱ ላይም የሚሰፋው እሱ ነው። ስለዚህ ሳጅኑ ልጄን በጮኸበት ቁጥር የሚጮኸው «ተስፋዬ» ብሎ ነው። የካናዳ ጦር በሙሉ ስሜን እየጠራ ነው የሚነሳው፤ እኔ ግን አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሜ አላውቅም።

ማክሰኞ

ናቲ ገባ። በሩን ሲያልፍ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለት አያስፈልገውም ነበር፣ ልማድ ሆኖበታል። አንገቱ የእኔን ጭን ያክላል። ምስሩን ሁለት ሰሃን በላ። ጨው በዝቶበት ነበር። «ቆንጆ ነው፣ አባ» አለኝ። ውትድርና ውሸት አስተምሮታል።

ላትቪያ የት እንደሆነች እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ጣቱን አስቀመጠ። ራሽያ ከጎኗ ናት፤ ጣቱ ድንበሩን ሸፈነው። «ጣትህ ወፍሮ ነው ወይስ አገሩ ጠቦ?» አልኩት። ሳቀ። «ትሬኒንግ ነው፣ አባ። ዶንት ወሪ» አለኝ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ የዩክሬንን ጦርነት ነው የሚያወራው። ሥራ ቦታ ሲከፍቱት ሄጄ እዘጋዋለሁ፤ ዘፈን የማልወድ ይመስላቸዋል።

አንድ ወረቀት አመጣ። አደጋ ቢደርስበት ለማን እንደሚደወል የሚሞላበት ነው። ጣቱን ስልክ ቁጥሬ ላይ አድርጎ «ትክክል ነው?» አለኝ። ቁጥር ድሮም አነባለሁ። ትክክል ነው አልኩት። ሌላውን አላየሁም፤ ቶሎ እንዲያጥፈው ነበር የፈለግኩት።

ረቡዕ

ምን ነበረ ዛሬ መብራት ቢጠፋ።

ብሬክ ሰዓት ላይ ነው። ፉትሂልስ ባለው መጋዘን አብሮኝ የሚጭነው ግርማ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ፎቶውን ከስልኬ አወጣሁ። ናቲ ሥልጠና የጨረሰ ዕለት የተነሳው ነው፤ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ስሙ ደረቱ ላይ ተሰፍቶ። ዓመት ሙሉ ሳሳየው ኖሬያለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ያላየው ፎርክሊፍቱ ብቻ ነው። ቸርች ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ ያዩ አሉ። ስሜ በቲ እንደሚጀምር ከሥራ ባጄ አውቃለሁ፣ የፎቶውም በቲ ይጀምራል። ሌላ ምን ላጣራ።

«ግርማ፣ ና ስሜን በእንግሊዝኛ ላንብብልህ» አልኩት።

«ጋሽ ተስፋዬ፣ ሻይዎ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

ቲ። ኤስ። ቆም አልኩ። ባጄ ላይ ከቲ ቀጥሎ ኢ ነው ያለው። ሰፊው ተሳስቷል ብዬ ልስቅ ነበር። ኢ። ኤች። እኔ ውስጥ ኤች የለም። ኤ። ዋይ። አለቀ። ስድስት ናቸው፤ እኔ ሰባት ነኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ጋሼ ክፍሎም እንዳሳዩን ድምፁን እያያያዝኩ።

ፀሐይ።

እናቱ ናት። በእንግሊዝኛ ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ግርማ ኩባያውን እያየ ነበር። «ታውቅ ነበር?» አልኩት። «ከመጀመሪያው ቀን» አለኝ። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «ደስ ብሎዎት ነበራ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ፓሌት ዕቃ የተሳሳተ ትራክ ላይ ጫንኩ።

ጋሼ ክፍሎም ሁለቱን ፊደሎች ሲለዩልን «ይሄ ጸሎቱ ጸ፣ ያኛው ፀሐዩ ፀ» ብለው ነበር። ለፀሐዩ ፀ ምሳሌ ጻፉ ሲሉን መስመሩን ባዶ ተውኩት። «ጠፋህ?» ሲሉኝ «ጠፋኝ» አልኳቸው።

ቸርች ውስጥ ማንበብ የማይችለው የእኛ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ አንብቦታል። አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ስምህን አስጠራልህ» ብሎኛል። እሁድ ደግሞ ልጁን በገዛ እጄ ፊታቸው ላቆመው ነው።

ሐሙስ

ውሸት አንድ፦ ናቲን «ፓስተሩ ዩኒፎርሙ ይቅር ብለዋል» አልኩት። «ሳጅኔን ፐርሚሽን ጠይቄ ነበር እኮ» አለ። ከዚያ «ኦኬ» አለ። ኦኬ ሲል ከንፈሩ ልክ እንደ እሷ ነው።

ውሸት ሁለት፦ ለጋሼ ክፍሎም ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ከክፍል ቀረሁ።

ውሸት ሦስት፦ ናቲ «አባ፣ ምን ሆነሃል?» ሲለኝ «ቺኑኩ ነው፣ ራሴን ይዞኛል» አልኩት። ሞቃቱ ነፋስ እውነትም ነፍሷል፤ ሰፈራችን ስካይቪው ራንች ያለው በረዶ ሁሉ ቀልጦ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ስለዚህ ይሄኛው ግማሽ ውሸት ነው።

በእኛ አገር ልጅ በእናቱ ስም ሲጠራ ሰው አባቱን ይፈልጋል። ክዶት ነው፣ ወይ ጠፍቶ ነው፣ ወይ አይታወቅም። እኔ እታወቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ነኝ። ሆኪ ሳይገባኝ በብርድ ቁጭ ብዬ የናቲን ሆኪ አይቻለሁ፤ ሰው ሲያጨበጭብ አጨብጭቤያለሁ። አንድ ጊዜ ለሌላው ቡድን አጨብጭቤያለሁ። ምን ባደርገው ነው ከስሙ ያወጣኝ?

ዓርብ

ውሸቴ አንድ ቀን ብቻ ነው የኖረችው። ናቲ ግሮሰሪ ሄዶ ፓስተሩን አገኛቸው። «እሁድ በዩኒፎርምህ እንጠብቅሃለን» አሉት።

ኩሽና መጥቶ ለምን እንደዋሸሁት ጠየቀኝ። ፎቶውን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። «አንብቤዋለሁ» አልኩት።

መጀመሪያ የገባው ማንበቤ ብቻ ነበር። «ዌይት፣ ማንበብ ጀመርክ?» አለ፣ ፊቱ በራ። ያንን ፊት እያየሁ መተው እችል ነበር። አልተውኩም። «አባትህ የሞተ መስሎህ ነው?» አልኩት።

ያለኝን እንደማስታውሰው ልጻፍ። ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር። ስሙን ያስለወጠው ለውትድርና ሊመዘገብ ሲል ነው። ፎቶውን የላከልኝ፣ ሰው ያነብልኛል ብሎ ነው። ፈርቶ ሲጠብቅ እኔ ደውዬ «አኮራኸኝ» አልኩት። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ አልቅሷል፤ አውቄ የፈቀድኩለት መስሎት። «ታውቃለህ ብዬ ነው፣ አባ። አይ ስዌር» አለ።

ከዚያ ይሄን አለ፦ «አንተ ስሟን አትጠራም። ከቀበርናት ጀምሮ አንድ ቀን አልሰማሁህም። ‹እናትህ› ትላለህ፣ ‹እሷ› ትላለህ። ፎቶዋን እንኳን ከሳሎን አነሳኸው። እዚያ በቀን አርባ ጊዜ ይጠሩታል። ሲቆጡኝ ፀሐይ፣ ምግብ ሲሰጡኝ ፀሐይ። በደንብ አይሉትም፣ ባት ይሉታል።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በአፌ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ማክሰኞ ያመጣው ወረቀት ትዝ አለኝ። «እንግዲያው አደጋ ሲደርስብህ ለእሷ ይደውሉላት» አልኩት።

ናቲ ብርጭቆ አነሳ። ውኃ ቀዳ። ሳይጠጣው አስቀምጦት ወደ ክፍሉ ገባ።

ያን ያልኩትን ዓረፍተ ነገር ስጽፈው ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀመጥኩ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም።

ቅዳሜ

ሄደ። ሻወር ቤት እያለሁ ጓደኛው መጥቶ ወሰደው። መሄድ የነበረበት ነገ ማታ ነው፤ የሚበሩት ማክሰኞ ነው። የክፍሉ በር ላይ የዩኒፎርሙ ሸሚዝ ተሰቅሏል፣ ለእሁድ ተተኩሶ። ፓስተሩን ካገኛቸው በኋላ፣ እኔን ከማናገሩ በፊት ነው የተኮሰው ማለት ነው። ረስቶት ይሁን ትቶት አላውቅም። ስሙን በጣቴ ነካሁት። ክሩ ጠንካራ ነው።

ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። ቴክስት ልጽፍለት ጀመርኩና ተውኩት፤ ናቲ የአማርኛ ፊደል አይችልም። ድሮ እሱ ይጽፍ ነበር፣ እኔ አላነብም። አሁን እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ አያነብም።

ከሰዓት ጋሼ ክፍሎም ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የዓርቡን ዓረፍተ ነገር ጭምር። አልገሠጹኝም። ስለ ታላቅ ወንድማቸው አወሩኝ። በወጣትነቱ ነፃ አውጪዎቹን ተቀላቅሎ ትግል ሜዳ ወጣ። እዚያ ጓዶቹ ሌላ ስም አወጡለት፣ ቤተሰብ የማያውቀው። ጦርነቱ ሲያልቅ አባታቸው ፎቶ ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ የሚጠይቁት ራሳቸው ባወጡለት ስም ነበር። እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም አሏቸው። «ምናልባት አጠገቡ የተኛ ሰው ጠይቀን ይሆናል» አሉኝ ጋሼ ክፍሎም። «እኛ ያልነውን ስም እሱ አያውቀውም። አንተ በየትኛው ስም እንደምትጠይቅ አውቀሃል። ምን ትጠብቃለህ?»

በሩ ላይ ሲሸኙኝ «ጉንፋኑስ?» አሉኝ።

እሁድ

ይሄን የምጽፈው መኪና ውስጥ ሆኜ ነው፤ ኤድመንተን፣ የናቲ ካምፕ በር አጠገብ። ለፓስተሩ ደውዬ «ወታደሩ ሄዷል፣ እኔም አልመጣም» አልኳቸው። እንጸልያለን አሉኝ።

ሦስት ሰዓት ነዳሁ። ሸሚዙን ከጎኔ ወንበር ላይ አድርጌ፣ እንዳይጨማደድ ቀበቶ አሰርኩለት። የመንገዱን ሰሌዳ ሁሉ አነበብኩ። ኤርድሪ። ሬድ ዲር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለመጋዘኑ ሰው ወር ሙሉ የማወራው ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ልጅ እግር ነው። «ማንን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት እየጮኽኩ ታክሲ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ፀሐይ» አልኩት። አልሰማኝም። «ፀሐይ» አልኩት ደግሜ። ጆሮውን አስጠግቶ ሦስተኛ አስባለኝ። ከዚያ «ስፔል አድርግልኝ» አለኝ። ቲ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ኤች፣ ኤ፣ ዋይ። ጻፈው።

መንጃ ፈቃዴን አየ። «ያንተ ስም ሌላ ነው። ምኑ ነህ?»

«አባቱ ነኝ። ስሙ የእናቱ ነው» አልኩት።

ይሄን ለሰው ከምናገር ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር፣ ረቡዕ ዕለት። ልጁ «ኦኬ» ብሎ ስልኩን አነሳ። ስልኩ ላይ ጠራት። አበላሸው፤ «ሰሄይ» ነው ያለው። አላረምኩትም። ሁለተኛ ሲላት ልስማ ብዬ ጠበቅኩ።

መልእክቱ ደርሶታል፣ ይምጣ አይምጣ ግን አላውቅም፣ እዚያ ጋ ፓርክ አድርገህ ጠብቅ አለኝ። አርባ ደቂቃ ሆኖኛል።

የምለውን አዘጋጅቼ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ጻፍኩት። ቀልዱን ሁሉ ከውስጡ አወጣሁ። የቀረው ይሄ ነው፦ ለእኔ ይደውሉ። ምንም ቢሆን፣ በማንም ስም ይሁን፣ ለእኔ ይደውሉ።

ከሕንፃው ሁለት ሰዎች ወጥተው ወደዚህ እየመጡ ነው። ሁለቱም ረጅም ናቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የለበሱት፣ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገዋል። ደረታቸው ላይ ጽሑፍ አለ። ገና አይነበብም።