ከአሶሳ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከሩብ

አባ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ተናድጄብህ ነው። ዛሬም አልበረደልኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን አሳደስነው። እማ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ማንጎ እየለቀመች ለጎረቤት ማደሏን አልተወችም።

ከአሶሳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። በመኪና ሁለት ቀን። ለዓይንህ ሕክምና የሄድክ ሰው አጎቴ ሰይድ ቤት ሳይታሰብ ሞትክ፤ ገና በማለዳ። የዕለቱ አውሮፕላን የተነሳው ረፋድ ላይ ነው። የተቀበርከው አስር ሰዓት ገደማ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ። ተሳፍሬ ቢሆን ኖሮ በገዛ እጄ ወደ ጉድጓድህ ባወረድኩህ ነበር።

አጎቴ የደወለው ግን ለእኔ ሳይሆን ለአምባችን ሽማግሌ ለሼህ ይማም ነው። ከጋሽ እንድሪስ ጋር ሱቄ ድረስ መጡ። «አባትህን ትንሽ ደክሞታል፤ አብረን ሄደን እንጠይቀው» አሉኝ። ስልክህ ላይ ደወልኩ። አጎቴ አንስቶ «ተኝቷል» አለኝ። ትኬት ስጠይቅ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል ተባልኩ፤ ልሂድበት አልኩ። ሼህ ይማም ትከሻዬን መታ አድርገው «አንተ ሰው፣ ለድካም በሰማይ ይኬዳል እንዴ?» ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅኩ። አባ፣ አንተ ከፈን ስትለብስ እኔ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ።

በመኪና ተነስተን ባምባሲን ስናልፍ ጋሽ እንድሪስ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ፤ በላሁ። ነቀምት አደርን። በማግስቱ አጎቴ ግቢ ስንገባ ድንኳን ተተክሏል። ያን ጊዜ ሁለቱ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለዚህ ነበር፤ መርዶውን ብቻዬን እንዳልሰማ።

ጮህኩባቸው። ጋሽ እንድሪስ አቀርቅረው «ከአባትህ ነው የተማርነው» አሉኝ።

 በአምባችን ሰው ሲሞት የሚላከው አንተ ነበርክ። ጎረምሳ ሆኜ ቶንጎ ድረስ ይዘኸኝ ሄደህ፣ ወንድሟ የሞተባትን ሴት «ወንድምሽ ሊያገባ ነው» ብለህ አመጣሃት። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ለቅሶ ቤት ገባች። ሰው ሁሉ ብልሃትህን አደነቀ። እኔም ኮራሁብህ። አሁን ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ቀሚስ ነው። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያንን ቀሚስ የለበስኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የፋጡማ እህት አዲስ አበባ ሞተች። ሽማግሌዎቹ ያንተ ልጅ ነኝና ፋጡማን አታልዬ እንድወስዳት ላኩኝ። በሯ ላይ ቆሜ እውነቱን ነገርኳት። መሬት ላይ ወደቀች። ሰፈሩ ተጯጯኸብኝ፤ እማ ሳትቀር «አረመኔ! አባትህ እንዲህ አድርጎ አላሳደገህም!» አለችኝ። ፋጡማን ደግፌ አስነሳኋት፤ ኤርፖርት አደረስኳት። ብቻዋን እያለቀሰች ተሳፈረች። እስካሁን ሰላምታ የሚነፍጉኝ አሉ።

አባ፣ አልረሳህም። ዱዓዬ አይቋረጥብህም። በአምባው ስምህን በክፉ የሚያነሳ ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ያንን ሥራህን ግን አልወርስህም።

ፋጡማ ትናንት ደወለችልኝ። የእህቷን ገላ በገዛ እጇ አጥባ ነው የሸኘቻት።