ለአባባ የተጨመሩት ዐሥራ አምስት ቀናት

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ናፍቆትህ እንዳለ ሆኖ እኛ ደህና ነን፤ ዛሬማ ከደህናም በላይ ነን።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «የእንጨት ሥራ ቤታችሁ ወሰኔን አልፏልና ይፍረስ» ብሎ እንደከሰሰን ነግሬህ ነበር። አባባ «በገዛ እጄ የሠራሁትን ቤት ለማስረዳት ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» ብለው መልሱን ራሳቸው ሊጽፉ ተቀመጡ። የማቅረቢያው ቀን ግን እንደዋዛ አለፈ። ሳውቅ ክው አልኩልህ።

ዛሬ ችሎት ቀርበን ጊዜ እንዲጨመርልን ለመንን። ዳኛዋ «ለምን ዘገዩ?» ሲሏቸው፣ አባባ ኮታቸውን አስተካክለው «ሥራ በዝቶብኝ» አሉ። መጋዝ መያዝ ካቆሙ እኮ አራት ዓመት አለፋቸው! ዳኛዋ ፈገግ ብለው ዐሥራ አምስት ቀን ጨመሩልን። እፎይ! ስወጣ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ቤት ገብቼ የጀመሩትን መልስ ስፈልግ ከመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ አገኘሁት፤ አንድ ሳይሆን ሦስት። ሦስቱም ያለቁ፣ የተፈረመባቸው፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት። ሳሳያቸው አነበቡና «የማን ጽሑፍ ነው? ጎበዝ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። አንዱን ነገ ጠዋት እኔው ራሴ መዝገብ ቤት አስገባለሁ።

ዘንድሮ ዕረፍትህን ቀደም አድርገህ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ለሌላ አይደለም፣ ናፍቀኸን ነው።

አባባ «ሰላም በይልኝ» ብለውሃል። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሁለቴ ተመልሰው መጥተው ያንኑ ነግረውኛል። ሦስቱም ያንተ ናቸው፤ አንዱንም ሳታስቀር ተቀበል።

እህትህ